የሥራ ብስክሌት በባሕር ዳር፦ ግዢው፣ ጥገናውና አሮጌ ዕቃው

ብስክሌት ገዝቶ ከባጃጅ ወጪ መገላገል ቀላል ሒሳብ ይመስላል። ሒሳቡን የሚያፈርሱት ጥቃቅን ነገሮች ናቸው፤ በየሳምንቱ የሚተነፍስ ጎማ፣ ደርቆ ሲጥ ሲጥ የሚል ሰንሰለት፣ ያለ ዕድሜው የሚያልቅ የፍሬን ጎማ። ይህን ሁሉ ጎሚስታ ጋ እየወሰደ የሚያሠራ ሰው የባጃጁን ብር ወደ ጎሚስታው አዛወረ እንጂ አልቆጠበም። ከዚህ በታች ያለው አሠራር የባለሙያ እጅ የማይፈልገውን ሥራ ቤት ውስጥ ለመጨረስ ነው። ባለሙያ ጋ መሄድ ያለበትም በየቦታው ተጠቅሷል።

በመጀመሪያ ሒሳቡን ይሥሩ

በወረቀት ላይ ሦስት ቁጥሮች ይጻፉ፦ በወር ለመጓጓዣ የሚወጣው ብር፣ የብስክሌቱ ዋጋ፣ በወር ለጥገና የሚመደበው ብር። ከመጓጓዣው ላይ የጥገናውን ይቀንሱና በቀሪው የብስክሌቱን ዋጋ ያካፍሉት። የሚመጣው ቁጥር ብስክሌቱ ዋጋውን ለመመለስ ስንት ወር እንደሚፈጅ ይነግርዎታል። ለምሳሌ በወር 22 የሥራ ቀን፣ በቀን 40 ብር ቢወጣ 880 ብር ይሆናል። ለጥገና 180 ብር ቢያዝ 700 ብር ይተርፋል። ብስክሌቱ በ9,100 ብር ከተገዛ 13 ወር ይፈጃል ማለት ነው። ቁጥሮቹ ለማሳያ ብቻ የተወሰዱ ናቸው፤ ታሪፉም የብስክሌት ዋጋም ስለሚለዋወጥ የራስዎን ያስገቡ።

መልሱ ከ24 ወር በላይ ከመጣ አሮጌ ብስክሌት ይፈልጉ። ቤትዎና ሥራዎ 2 ኪሎ ሜትር የማይራራቁ ከሆነ ደግሞ ብስክሌቱ ቅንጦት ነው፤ በእግር ይሂዱ።

የተረፈው ብር ኪስ ውስጥ ከቀረ ለሻይና ለሞባይል ካርድ ያልቃል። ስለዚህ ደመወዝ በገባ ዕለት የመጓጓዣውን ብር እንደ ድሮው ነጥለው ያውጡ። የጥገናውን ድርሻ በቆርቆሮ ያኑሩ፤ በቀሪው ዕቁብ ይግቡበት። ዕቁብ የገባ ሰው ጠያቂ አለው፤ ለራሱ ብቻ ቃል የገባ ግን የሚጠይቀው የለም።

የትኛው ብስክሌት ይሻላል?

ባሕር ዳር ከጣና ዳር እስከ ጨርቃ ጨርቅ፣ ከፔዳ እስከ ቀበሌ 14 ሜዳ ናት። ዳገት የሚባለው ወደ ቤዛዊት ሲወጣ ነው። ለዚህች ከተማ ማርሽ የሌለው፣ ባለ 28 ኢንች ጎማ ፊኒክስ ብስክሌት ከበቂ በላይ ነው። ማርሽ የሌለው ብስክሌት የሚበላሽ ማርሽ የለውም፤ ሰንሰለቱም ወፍራም ስለሆነ ዕድሜው ይረዝማል። ኮብልስቶንና ኮረት መንገድ የሚበዛበት ሰው ወርደ ሰፊ ጎማ ያለውን ባለ 26 ማውንቴን ይያዝ።

ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ላሉ ነገሩ ይለያል። ዳገቱ ስለሚበዛ ማርሽ ግድ ነው፤ የኋላው ትልቁ ጊር 28 ጥርስና ከዚያ በላይ ያለውን ይምረጡ። ደጀን ያለ ሰውም ከተማው ውስጥ ይንዳ እንጂ ወደ ዓባይ በረሃ በዚህ ዓይነት ብስክሌት አይውረድ። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ የሚወርድ ቁልቁለት ነው፤ ቸርኬ የሚይዝ ፍሬን ሲግል ይደክማል።

ከፊት ሞላ ያለውን ርካሽ ብስክሌት ይተዉት። ምቾቱ የሱቅ በር ላይ ብቻ ነው። ሞላው ክብደት ይጨምራል፤ ክረምቱን ውኃና ጭቃ ገብቶበት ዝጎ ሲጣበቅ ደግሞ መለዋወጫ አይገኝለትም።

አሮጌ ሲገዙ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የሚከተለውን ይፈትሹ። ከሩብ ሰዓት በላይ አይፈጅም።

1. መሪው የሚገባበትን ቱቦ ሥሩን ይዩ። ቀለሙ ከተሸበሸበ ወይም ከተሰነጠቀ ብስክሌቱ ከፊት ተጋጭቷል። ይህን በማንኛውም ዋጋ አይግዙ።
2. ገልብጠው ሁለቱንም ጎማ ያሽከርክሩ። ቸርኬው ወደ ጎን ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከተወዛወዘ ሽቦዎቹ መስተካከል አለባቸው። ሽቦዎቹን ሁለት ሁለት እየያዙ ይጭመቁ፤ የላላ ወይም የተሰበረ ካለ ወዲያው ይታወቃል። የሽቦ ማስተካከል ሥራ የባለሙያ ስለሆነ የእጅ ዋጋውን ከብስክሌቱ ዋጋ ላይ ያስቀንሱ።
3. የፔዳሉን ክንድ ይዘው ወደ ጎን ይነቅንቁ። ሁለቱም ክንዶች አብረው ከተነቃነቁ የመሐሉ ኩሽኔታ ላልቷል ወይም አልቋል። አንዱ ብቻ ከተንቀሳቀሰ ግን ክንዱን የሚያስረው ሽብልቅ ብረት ነው የላላው፤ ፊኒክስ ላይ ይህ የተለመደ ነው፣ ጥገናውም ርካሽ ነው።
4. የፊት ፍሬን ይዘው ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይግፉ። መሪው ሥር ቋ የሚል ድምፅ ካለ የመሪው ኩሽኔታ መጥበቅ ይፈልጋል።
5. የጥርሶቹን ቅርጽ ይዩ። ጥርሱ እንደ ማጭድ ወደ አንድ ጎን ከተቆለመመ ሰንሰለቱና ጊሮቹ አብረው መለወጥ አለባቸው። ከሁሉም የሚያስወጣው ይኼ ነው።
6. ከፔዳሉ መሐል ሥር የተመታውን ቁጥር ያንብቡ። ደረሰኝ ካለ ያመሳክሩ። ከሌለ ቁጥሩ የተጻፈበት፣ ሁለት ምስክር የፈረመበት ውል ያስጽፉ። ቁጥሩ የተፋቀ ከሆነ ይመልሱለት።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ባለ 15 እና ባለ 10 ቁልፍ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ የእጅ መንፊያ፣ ሁለት የጎማ መፈልቀቂያ፣ ማስቲሽ፣ ቁጥር 100 ወይም 120 ብርጭቆ ወረቀት፣ የስፌት መኪና ዘይት፣ ጥቂት ግራሶ። የቀረው ከቤት ይገኛል፤ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ አሮጌ ካናቴራ፣ ባልዲ። መፈልቀቂያ ከሌለ የሁለት ማንኪያ እጀታ ይበቃል። ካቻቢቴ ግን ለዚህ ሥራ አይንኩ፤ ጫፉ የውስጥ ጎማውን ይበሳና የአንዱን ቀዳዳ ሥራ ሁለት ያደርገዋል።

ስለ ቁልፍ ካነሣን አይቀር፣ የግራው ፔዳል ጥርሱ የተገላቢጦሽ ነው። ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ሲያዞሩት ይፈታል፤ በተቃራኒው ይጠብቃል። ይህን ሳያውቅ በጉልበት የታገለ ሰው የክንዱን ጥርስ ይልጠዋል፤ ከዚያ በኋላ መፍትሔው ክንዱን መለወጥ ብቻ ነው።

መቀመጫውን ሲያስተካክሉ ተረከዝዎን ታች ባለው ፔዳል ላይ ያድርጉ፤ እግርዎ ቀጥ ማለት አለበት። ዝቅ ካለ ጉልበት ያማል፣ መንገዱም ሳያስፈልግ ያደክማል። ቱቦውን ወደ ውስጥ ከማስገባትዎ በፊት ግራሶ ይቀቡት፤ አለበለዚያ ከክረምት በኋላ ዝጎ አልወጣም ይላል።

ነፋስ

ለብስክሌት ወጪ ዋናው ምክንያት በቂ ነፋስ የሌለው ጎማ ነው። የላላ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ቸርኬው የውስጥ ጎማውን ይቆነጥጠዋል፤ የጎማው ጎን ይሰነጣጠቃል፤ ነጂውም ከሚገባው በላይ ይደክማል።

ከ60 እስከ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው፣ ባለ 26 ወርደ 1.95 ጎማ ከፊት 40፣ ከኋላ ከ45 እስከ 50 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ይበቃዋል። ባለ 28 ወርደ 1½ ከሆነ ከፊት 45፣ ከኋላ 55 ያድርጉት። ኮብልስቶን ላይ ለሚውል 5 ይቀንሱ፤ ከኋላ ጭነት ካለ 5 ይጨምሩ። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ መጠን ግን አይለፉ። መለኪያ ከሌለዎት ተቀምጠውበት ሌላ ሰው ከኋላ ይይልዎት፤ የኋላው ጎማ መሬት የነካበት ላይ በጥቂቱ ብቻ ሆዱ መውጣት አለበት።

ቀዳዳ የሌለው ጎማም ነፋስ ያባክናል። በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ ከሰዓት ቢሆን፣ በእጅ መንፊያ ይሙሉት። የጎሚስታ ኮምፕረሰር የሚጠቀሙ ከሆነ ጠንቀቅ ይበሉ። የብስክሌት ጎማ የሚይዘው ነፋስ ከመኪናው ጋር ሲወዳደር እጅግ ጥቂት ስለሆነ በጥቂት ሰኮንድ ከልክ አልፎ ይፈነዳል። ነካ እያደረጉ፣ በየመሐሉ በአውራ ጣት እየጫኑ ይሙሉ።

ፊኒክስ ላይ ሌላም ነገር አለ። የድሮው ዓይነት ቫልቭ ውስጡ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ለብሷል። ላስቲኩ ሲያረጅ ይሰነጠቅና ጎማው ሌሊት ሌሊት ይተነፍሳል፤ ባለቤቱ ደግሞ ቀዳዳ ፍለጋ ጎማ ያወልቃል። ምንም ነገር ከመፍታትዎ በፊት ቫልቩ ጎማው አናት ላይ ሆኖ አፉ ወደ ታች እንዲያይ ጎማውን አዙረው ቫልቩን ውኃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ይንከሩት። አረፋ ካወጣ የሚለወጠው ላስቲኩ ብቻ ነው። አዲሱን በምራቅ አርጥበው እስከ አንገቱ ድረስ ይግፉት፤ በደረቁ ከተገፋ ይቀደዳል።

ቀዳዳ መለጠፍ

በጋ ላይ ዋናው ጠላት እሾህ ነው። አጥር ለማጠር የተጫነ ግራር መንገድ ላይ እየጣለ ይሄዳል፤ ከከተማ ወጣ ሲሉ ደግሞ ኩርንችት አለ። ስለዚህ መለጠፍን መማር ከሁሉም በፊት ይቀድማል።

1. የጎማውን ዳዶዎች ፈትተው ጎማውን ያውርዱ። የቀረውን ነፋስ ሙሉ በሙሉ ያስወጡ።
2. ከቫልቩ ተቃራኒ በኩል ይጀምሩ። አንዱን መፈልቀቂያ አስገብተው ጎማውን ወደ ውጭ ያንሡ፤ ሁለተኛውን አንድ ስንዝር ያህል ራቅ አድርገው ያስገቡና ይጎትቱ። ጎማውን ከአንድ ጎን ብቻ ማውጣት ይበቃል።
3. የውስጥ ጎማውን ያውጡ፤ ቫልቩ ከጎማው የትኛው ቦታ ላይ እንደነበር ግን በኖራ ወይም በእስክሪብቶ ምልክት ያድርጉ። ይህ ምልክት በኋላ እሾሁን ለማግኘት ይረዳል።
4. ነፋስ ሞልተው ጆሮዎ ጋ ያዙሩት። ካልተሰማ በባልዲ ውኃ ውስጥ ጥቂት ጥቂት እያስገቡ አረፋውን ይፈልጉ። ቀዳዳውን ክበው ምልክት ሲያደርጉ ምልክቱ ከሚለጠፈው ቁራጭ ይስፋ፤ አለበለዚያ ሲፈገፈግ አብሮ ይጠፋል።
5. አድርቀው በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉ። አብረቅራቂው ጥቁር ጠፍቶ ደብዛዛ እስኪሆን ድረስ ነው። ቀዳዳው አጠገብ ከፋብሪካ የመጣ ከፍ ያለ መስመር ካለ እስኪስተካከል ይፈግፍጉት፤ ነፋስ ሾልኮ የሚወጣው በዚያ መስመር ሥር ነው። ከዚህ በኋላ ቦታውን በጣት አይንኩ።
6. ማስቲሽ ስስ አድርገው ይቀቡ፤ ከቁራጩ በሁሉም በኩል በግማሽ ሴንቲ ሜትር ይስፋ። ቁራጩ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ከሆነ እሱም ተፈግፍጎ መቀባት አለበት።
7. ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ይጠብቁ። ጫፉን ሲነኩት እጅ ላይ የማይቀር መሆን አለበት። አብዛኛው ልጥፍ በኋላ የሚነሣው ይህችን ጊዜ ባለመጠበቅ ነው። እርጥብ ማስቲሽ ላይ የተጫነ ቁራጭ ለጊዜው የያዘ ይመስልና ጎማው ሲግል ተንሸራትቶ ይወርዳል።
8. ቁራጩን አስቀምጠው ከመሐል ወደ ዳር በማንኪያ ጀርባ አጥብቀው ይጫኑ። ጫፉ ከተነሣ አውልቀው ከ5ኛው ይጀምሩ።
9. የውስጥ ጎማውን ከመመለስዎ በፊት የውጩን ጎማ ውስጡን በጨርቅ ይዳስሱ። በባዶ እጅ ከዳሰሱ ጣትዎን ይወጋሉ። እሾሁ እዚያው ከቀረ ከመቶ ሜትር በኋላ ሁለተኛ ቀዳዳ ይከፍታል። ቫልቩ ላይ ያደረጉት ምልክት የት እንደሚፈልጉ ይጠቁምዎታል።
10. የውስጥ ጎማውን ቅርጹን እስኪይዝ ብቻ ጥቂት ነፍተው ያስገቡ። ጎማውን በእጅ መዳፍ ይመልሱ፤ ቫልቩ ጋ ይጨርሱ። መጨረሻ ላይ ቫልቩን ወደ ውስጥ ገፋ አድርገው ይመልሱት፤ የውስጥ ጎማው በጎማውና በቸርኬው መሐል እንዳይቆነጠጥ ነው። ዙሪያውን ይመልከቱ፤ ጎማው ጎን ላይ ያለው ቀጭን መስመር ከቸርኬው እኩል ርቀት ላይ ከሆነ በትክክል ተቀምጧል፤ ያን ጊዜ ሙሉ ይንፉ።

የቀዳዳው ቅርጽ ምክንያቱን ይናገራል። አንድ ትንሽ ቀዳዳ በውጭ በኩል ከሆነ እሾህ ወይም ሚስማር ነው። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካለ ነፋሱ አነሰ፣ ቸርኬው ቆነጠጠው። በቸርኬው በኩል ያለ ቀዳዳ የሽቦ ራስ ነው፤ የሽቦዎቹን ራስ የሚሸፍነው ላስቲክ ተንሸራቷል ወይም አልቋል። ቫልቩ ሥር የተቀደደ ደግሞ ነፋስ ሳይኖረው የተነዳ ነው። ጎማው በቸርኬው ላይ እየተንሸራተተ ቫልቩን ጎትቶታል። የመጨረሻው አይለጠፍም፤ ጎማውን ለሌላ ሥራ ያስቀሩት። ስለዚህ የተነፈሰ ጎማ ይገፋል እንጂ አይነዳም።

ሰንሰለት

ከጋራዥ በነፃ የሚገኘውን የተቃጠለ ዘይት ሰንሰለት ላይ ማፍሰስ የተለመደ ነው። ነፃ ነገር ግን እዚህ ላይ ውድ ነው። የሞተሩን የብረት ብናኝና ጥላሸት ይዞ ይመጣል፤ ወፍራም ስለሆነም የመንገዱን አቧራ ይሰበስብና ሰንሰለቱን እንደገና ይፈጨዋል። የምግብ ዘይትም አይሆንም፤ እየቆየ ሙጫ ይሆናል።

በበጋ በሁለት ሳምንት አንዴ፣ በክረምት ደግሞ ዝናብ በመታው ቁጥር እንዲህ ያድርጉ። ሰንሰለቱን በካናቴራ ቁራጭ ይዘው ፔዳሉን ወደ ኋላ እያዞሩ ጭቃውን ያንሡ። በጣም ከቆሸሸ ብሩሹን በነጭ ጋዝ ነክረው ይፈግፍጉትና ፈጽሞ እስኪደርቅ ይተዉት። ከዚያ ከታች በሚያልፈው ክፍል ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ በእያንዳንዱ ዙር ብረት ላይ አንድ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ያድርጉ። ዘይት የሚፈልገው የውስጡ መጋጠሚያ ነው። ፔዳሉን ጥቂት ጊዜ ያዙሩት፤ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተው ከላይ የቀረውን ዘይት በደንብ ይጥረጉ። ሰንሰለቱን ሲነኩት እጅዎ ብዙ ካልቆሸሸ ልኩ ነው። የስፌት መኪና ዘይት ቀጭን በመሆኑ ዝናብ ቶሎ ያጥበዋል፤ ስለዚህ በክረምት አዲስ የሞተር ዘይት በተመሳሳይ መንገድ በጠብታ ይጠቀሙ።

ማርሽ የሌለው ብስክሌት ላይ ሰንሰለቱ መሐሉን ሲያነሡትና ሲጫኑት ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር መንቀሳቀስ አለበት። ከዚያ ከበለጠ ይወልቃል፤ ከጠበበ ኩሽኔታውን ይበላል። የኋላውን ዳዶዎች አላልተው ጎማውን ይጎትቱ፤ ጎማው መሐል መሆኑን አይተው ሁለቱንም ወገን ተራ በተራ ያጥብቁ።

ሰንሰለት ማለቁ የሚለካው በአናጺ ሜትር ነው፣ በኢንቹ በኩል። ዜሮውን በአንድ ፒን (የሰንሰለቱን ቁርጥራጮች በሚያያይዘው ትንሽ ብረት) መሐል ላይ አድርገው ሰንሰለቱን ይወጥሩ። አዲስ ከሆነ የ12 ኢንች ምልክት ትክክል ሌላ ፒን መሐል ላይ ያርፋል። ፒኑ ምልክቱን በ1/16 ኢንች ካለፈ ሰንሰለቱን ብቻ ይለውጡ። 1/8 ከደረሰ ጥርሶቹም አብረው አልቀዋል፤ አዲስ ሰንሰለት ብቻ ቢገባ እየዘለለ ያስቸግራል። በጊዜው የተለወጠ አንድ ሰንሰለት የጊሮቹን ዋጋ ያድናል። በዚህ መመሪያ ውስጥ ብዙ ብር የሚያድነው ልኬት ይህ ነው፤ ከደቂቃ በላይ አይወስድም።

ፍሬን

የፍሬን ጎማው ከቸርኬው 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይራቅ። ሲይዝ ሙሉ በሙሉ ቸርኬው ላይ ይረፍ፤ ወደ ላይ ከወጣ ጎማውን ይቆርጣል፣ ወደ ታች ከወረደ ከቸርኬው ሥር ሾልኮ ሽቦ ውስጥ ይገባል። ላዩ ላይ ያሉት ቦዮች ሲጠፉ ይለውጡት። እስከ ብረቱ ድረስ ከጠበቁ ብረቱ ቸርኬውን ይፍቃል፤ ቸርኬ ደግሞ ውድ ነው። ሲያዝ የሚጮህ ከሆነ ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉ፤ የተጣበቀ ጠጠር ካለ በመርፌ ያውጡት።

የብረት ቸርኬ ዝናብ ሲነካው ፍሬን ለመያዝ እጅግ ሰነፍ ነው። ማቆም ከመፈለግዎ አስቀድመው ፍሬኑን በስሱ ይያዙ፤ ቸርኬው ሲጠረግ መያዝ ይጀምራል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ከባጃጅ ኋላ ተጠግቶ አይነዳም። ባጃጅ ተሳፋሪ ሲያይ ያለ ምልክት ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ እርስዎም ቀኝ ላይ ነዎት። ማታ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ይኑርዎት።

ክረምት ላይ ብስክሌቱን ላቫጆ አይውሰዱት። በግፊት የሚረጨው ውኃ ኩሽኔታ ውስጥ ገብቶ ግራሶውን ያወጣል። መረሬው ጭቃ ከመድረቁ በፊት በኩባያ ውኃና በጨርቅ ያንሡት፤ ከደረቀ መፋቅ ይፈልጋል፣ ሲፋቅ ቀለሙ አብሮ ይነሣል።

ገበያና ጭነት

ፌስታል መሪ ላይ አንጠልጥሎ መንዳት መንገድ ላይ በብዛት ይታያል፤ አደገኛም ነው። ፌስታሉ ሲወዛወዝ የፊት ሽቦ ውስጥ ይገባል፤ ጎማው ባንድ ጊዜ ቆሞ ነጂውን በመሪው ላይ ያሽቀነጥረዋል። ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን በጨርቅ ከረጢት ይዘው ከኋላ መጫኛው ላይ ይሰሩት። ከረጢቱ ታጥቦ ዓመታት ያገለግላል፤ የሚገዛ ፌስታልም አይኖርም። ቲማቲም ከላይ፣ ድንች ከታች መሆኑን ማንም አይስተውም፤ የሚረሳው ክብደቱን ከኋላው ጎማ እምብርት በላይ ማድረግ ነው። ወደ ኋላ ካፈነገጠ የፊቱ ጎማ ቀልሎ መሪው ይወላገዳል። የመጫኛው አቅም ብዙ ጊዜ ብረቱ ላይ ተመትቷል፤ ብዙዎቹ 25 ኪሎ ይላሉ። አንድ ሙሉ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ 20 ኪሎ ይመዝናል፤ ከዚያ በላይ ሲጫን የሚሰበሩት የኋላ ሽቦዎች ናቸው፣ በተለይ በሰንሰለቱ በኩል ያሉት።

ምሳ ዕቃውን ቀጥ አድርገው ይሰሩት። ወጡ ቀጠን ያለ ከሆነ ክዳኑ ሥር ከአሮጌ የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ቀለበት አይሠራም፤ የጎማው ሽታ ምግቡን ይይዛል። ይልቅ ወጡን ወፈር ያድርጉት።

አሮጌውን ዕቃ ምን ይደረግ?

አንድ የማይለጠፍ የውስጥ ጎማ ብዙ ሥራ ይሠራል። ቫልቩን ቆርጠው ያውጡ፤ ጎማውን በርዝመቱ ይሰንጥቁት። 3 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ቁራጭ ጥሩ የጭነት ማሠሪያ ይወጣዋል፤ ሲባጎ ይላላል፣ ይህ ግን ይወጥራል። 2 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ደግሞ ቸርኬው ውስጥ የሽቦ ራሶችን ለመሸፈን ይሆናል፤ በደንብ ተወጥሮ ጫፍና ጫፉ በማስቲሽ ይያያዛል፣ የቫልቩ ቀዳዳ በጋለ ሚስማር ይበሳል። ከቀሪው ባለ 3 ሴንቲ ሜትር ክብ እየቆረጡ ለመለጠፊያ ያኑሩ። ሲቆርጡ ማዕዘኑ ክብ ይሁን፤ ሹል ማዕዘን መነሣት የሚጀምርበት ነው።

ጥርሱ ያለቀ የውጭ ጎማ፣ ጎኑ ካልተበላሸ፣ ለእሾህ መከላከያ ይሆናል። ሽቦ ያለበትን ሁለቱን ጠርዝ በስለታም ቢላ ቆርጠው ያስወግዱ፤ የቀረውን ቀበቶ በአዲሱ ጎማና በውስጥ ጎማው መሐል ያስገቡ። ዳሩን በብርጭቆ ወረቀት አሳስተው ካላለሰለሱት ጠርዙ ራሱ የውስጥ ጎማውን ይበላል። ክብደት ስለሚጨምር ለኋላው ብቻ ቢሆን ይመረጣል፤ ቀዳዳ የሚበዛውም እዚያው ነው። የብስክሌት ጎማ ለበረባሶ አይሆንም፤ ይሳሳል። ማቃጠልም አይገባም፤ ጭሱ ለጎረቤትም ለራስም መርዝ ነው።

የተቀደደ የዘይት ጀሪካን የጭቃ መከላከያ ማስረዘሚያ ይወጣዋል። ከጎኑ ወርዱ 10፣ ርዝመቱ 20 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ያውጡ። አንዱን ጫፍ ፊትለፊት ባለው የጭቃ መከላከያ ሥር አድርገው ሁለት ቦታ ይብሱ፤ በብሎን፣ በሰፊ ሮንዴላና በዳዶ ይሰሩት። ሮንዴላ ካልገባ ፕላስቲኩ ቀዳዳው ላይ ይሰነጠቃል። የታችኛው ጫፍ ከመሬት 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። ይህ የሱሪን እግርና የሰንሰለቱን ዕድሜ አብሮ ያድናል፤ ሰንሰለቱን የሚያበላሸው ጭቃ የሚረጨው ከፊት ጎማ ነውና።

ሰንሰለት የታጠበበት ነጭ ጋዝ በአሮጌ ሃይላንድ ተከድኖ ይቀመጥ፤ ላዩ ላይ ምን እንደሆነ በግልጽ ይጻፍበት፣ ከልጆች ይራቅ። ከጥቂት ቀን በኋላ ቆሻሻው ከታች ይዘቅጣል። ንጹሑን ቀስ ብለው ቀድተው በሚቀጥለው ያጥቡበት። ዝቃጩ ሲበዛ ጋራዥ ወስደው የተቃጠለ ዘይት በርሜል ውስጥ ያድርጉ። ቦይ ውስጥ አይድፉት፤ የከተማው ቦይ መድረሻው ጣና ወይም ዓባይ ነው።

ያለቀ ሰንሰለት፣ የተጣመመ ቸርኬና የተሰበረ ፔዳል ብረት ስለሆኑ ለልዋጭ ይሸጣሉ። ከመስጠትዎ በፊት ግን ብሎኑን፣ ዳዶውንና ሮንዴላውን ፈትተው በአንድ ጣሳ ያኑሩ። ጥርሱ የተላጠ ካለ ለይተው ይጣሉት፤ በቸገረ ጊዜ እሱ ከገባ ደህናውንም ያበላሻል።